ድምፁ ማዶ ደርሷል ወይ?

ጋሼ ውበቱ ለየትኛውም ፎቶግራፍ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረቻቸው። ልጄ ሀብታሙ በስልኩ የድሬዳዋን የድሮ ባቡር ሲያሳያቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩና ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው በአየር ላይ ያዞሩታል። ይህ በእኛ በወፍጮ ሠራተኞች ዘንድ «ሞተሩ ይነሳል?» ማለት ነው። ሀብታሙ ራሱን ይነቀንቃል፤ አይነሳም። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ጥንታዊ አውቶሞቢል ያመጣል። ጡጫው እንደገና ይዞራል። እሷም አትነሳም። የመቅደላውን መድፍ ሲያዩ ግን ምልክቱ አልበቃ አላቸው መሰለኝ አፍ አውጥተው ጠየቁ።

«ይሄስ ይተኩሳል?»

ሀብታሙ አሁንም ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ አያሌው ለቅሶ ሊያስደርሰኝ ነው እንዴ አገር ላገር የሚያዞረኝ?»

ይህን ያሉት በጩኸት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር አጠገብ ቆመው ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ ሰፈሩን ሁሉ ነው የሚያናግሩት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን ከመሳቅ ይልቅ ነገሩን ልብ ብዬ ብሰማው ኖሮ እላለሁ።

አያሌው እኔ ነኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ወፍጮ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። መንገድ ብዙ ሄጃለሁ፤ ግን የሄድኩት ሁሉ የተበላሸ ነገር ወዳለበት ነው። ደርሼ ሳልቀመጥ ከሞተሩ ሥር እንበረከካለሁ፤ ስጨርስ መኪናው ይቸኩላል። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ አንድ ነገር አማረኝ፤ ማንም «ቶሎ በል» ሳይለኝ ማሽን ፊት ቆሜ እጄን አጣምሬ ማየት። የግድግዳ ካሌንደር ገልብጬ ጀርባው ላይ መንገዱን በእስክሪብቶ ሣልኩት። ደጀን ቁርስ እንበላለን፤ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ሙዚየሞቹን እናያለን፤ ከዚያ ድሬዳዋ የድሮውን የባቡር ጥገና ቤት። ስንመለስ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ጋፋት፣ መድፉ ቀልጦ የተሠራበትን ቦታ እናይና ያ ሁሉ ሰው ጎትቶት እስከወጣበት እስከ መቅደላ ድረስ። ሀብታሙ ደጀን መስመር ላይ የሚሠራበትን ሚኒባስ ያመጣል። ጋሼ ውበቱ ከፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ጉዞው በእውነቱ ለሳቸው ነበር። ወፍጮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ይህን ብረት ለምን እንዲህ ቀረጹት እያሉ ካላብጠለጠሉት ሙዚየም ለእኔ የብረት ክምር ነው።

ወፍጮ ስል የዛሬውን የመብራት ወፍጮ ማለቴ አይደለም። ያ እንደ ንብ እምም ይላል፤ በሩ ላይ ካልቆምክ መሥራቱንም አታውቅ። የእኛ ዘመን ወፍጮ የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ አንድ ፒስተን ብቻ፣ ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ በእጅ ማኖቬላ እየተዞረ የሚነሳ። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከጣሪያው በላይ ይወጣና አፉ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ትገጠምለታለች። ቆብ እንላታለን። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ቆቧ እየተመታች ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ ትላለች፤ ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ይሰማል። ለጌጥ አይደለም። ማዶ ያለችው ሴት እህሏን አህያ ላይ የምትጭነው ያንን ድምፅ ስትሰማ ነው። ካልሰማች ወፍጮው ተበላሽቷል፣ ናፍጣ አልቋል፣ ወይም በዓል ነው፤ በከንቱ ቁልቁለት አትወርድም፣ ዳገት አትወጣም።

ታዲያ ወፍጮ ሲበዛ ድምፁ እንዳይምታታ ለእያንዳንዱ የራሱን ድምፅ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን የሚችሉ ጋሼ ውበቱ ነበሩ። ከናፍጣ በርሜል ክዳን ቆርጠው፣ በሞረድ አሳስተው፣ አንድ ጎኗን በመዶሻ ትንሽ ጎበጥ አድርገው ቆብ ይሠራሉ። የአንዱ ወፍጮ ድምፅ ወፍራም ነው፣ የሌላው ቀጭን፤ አንዱ ደግሞ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው መሀል ላይ ይሰበራል። በዚያን ጊዜ ከአማኑኤል ከተማ እስከ ማርቆስ ባለው ኮረብታ ሁሉ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው «ይኼ የእንትና፣ ያኛው የእንትና» እያሉ ይቆጥሩልህ ነበር። አብረን ስንሄድ ለእኔ ይህን ማድረግ ደስ ይላቸዋል፤ ሰው ፊት ግን አያደርጉትም።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅሁት አማኑኤል ነው፤ ትምህርት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላልፍ ሲለኝ አባቴ ይዞኝ ሄደ። የመጀመሪያ ሥራዬ መፍቻ ማቀበል አልነበረም፤ አፋፍ መውጣት ነበር። የአዲስ ቆብ ድምፅ ሲሞከር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ሞተሩ ጋ ይሆናሉ፤ እኔ ማዶ አፋፍ ላይ ወጥቼ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ጥርት ብሎ ከተሰማኝ ነጭ ጋቢዬን አውልቄ ወደ ላይ ከፍ አደርገዋለሁ። ካልተሰማኝ ወይም ከንፋሱ ጋር ከተደባለቀብኝ አጣጥፌ ብብቴ ሥር እይዘዋለሁ። እሳቸው ከታች ሆነው ነጭ ነገር እስኪያዩ ድረስ ቆቧን ያወርዳሉ፣ ይሞርዳሉ፣ መልሰው ይሰቅላሉ። አንዳንድ ቀን ከጥዋት እስከ ማታ አፋፍ ላይ እውላለሁ። ጋቢዬን ከፍ ሳደርግ ከሩቅ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲያዩኝ ይታየኛል፤ ከዚያ ቁጭ ይላሉ። ቁጭ ካሉ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር ተነስቶ መነጋገር ስለማይቻል ለሁሉም ነገር የእጅ ምልክት ነበረን። የቺንጊያው ቀበቶ ላልቷል፣ ውኃው ፈልቷል፣ ድንጋዩ ሊወቀር ነው፣ ነገ በዓል ነው። ስለ አፋፉም ነበረን፤ መዳፍ ወደ ሰማይ ከሆነ «ደርሷል»፣ መዳፍ ወደ መሬት ከሆነ «አልደረሰም»። በኋላ ጆሯቸው ሲደነቁር ሌላው ሰው ሊያናግራቸው ይቸገራል፤ እኛ ግን ምንም አልጎደለብንም። እንደውም ባለቤቴ «ከእኔ ጋር በአፍ ከምታወራው ከሳቸው ጋር በእጅ የምታወራው ይበልጣል» እያለች ትተርበኝ ነበር።

ስለ ልማዳቸው ልናገር። የተፈጨውን ዱቄት ከቋቱ ቆንጠር አድርገው ይይዙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል፤ ከዚያ የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል። ሙቀቱን ነው የሚፈልጉ። ዱቄቱ ከንፈር ካቃጠለ ድንጋዩ ደንዝዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን አስገልብጠው መውቀሪያቸውን ይዘው ፊቱን አንድ በአንድ ሲበሱት ይውላሉ። የሞተሩን ሆድ ለማዳመጥ አንዲት የወይራ ዘንግ ነበረቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ ያስደግፉና ሌላውን በጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ባለወፍጮው ምሳ ቢያቀርብ እንኳ የመጀመሪያዋ አስፈጪ ዱቄቷን ጭና ከግቢው ሳትወጣ እጃቸውን አይታጠቡም። እኔ ርቦኝ ስቁለጨለጭ በዓይናቸው ይቆጡኛል።

በኋላ ደብረ ማርቆስ የጥገና ጣቢያ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ያው እንደምታውቁት ነው። አለቃዬ አቶ መንግሥቴ ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ከሰው ይልቅ ለመኪናው ጎማ የሚሳሳ። መስክ ወጥተን ሳይሳካልን ብንመለስ ግድ የለውም፤ ጎማ ካልተበሳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ውለናል» ይላል። እሱ ነው ደጀን የላከኝ። እዚያ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ አንድ ገደል አፍ ላይ አዲስ ወፍጮ ተክለው ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ራሴ የቆረጥኳትን ቆብ ሰቀልኩ። ድምፁ ግቢው ውስጥ እንዴት እንዳማረ! ሐጂ በደስታ ፊታቸው በርቶ «ማዶ ይሰማል?» አሉኝ። ሰው ማዶ መላክ ነበረብኝ። አቶ መንግሥቴ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጡሩንባ ይነፋል። «እንዴታ፣ ይሰማል!» አልኩና ተሳፈርኩ።

አልተሰማም። ከገደሉ የሚነሳው ንፋስ ድምፁን ወደ ላይ እያነሳ በማዶ ሰዎች ራስ ላይ ያሳልፈው ነበር። አንድ ሽማግሌ ወፍጮው እየሠራ እንደሆነ መለየት ቢያቅታቸው በግምት ተነስተው ማሽላቸውን ተሸክመው ያንን ገደል ወጡ፤ የደረሱት ወፍጮው በቆመበት ቀን ነው። ሐጂ ዘመድ ቤት እንዲያድሩ ቢለምኗቸው እምቢ ብለው ሸክማቸውን ይዘው ተመለሱ። ወሬውን ጋሼ ውበቱ ሰሙት። ማንም ሳይልካቸው በአውቶቡስ መጡና በእግር ወደ ማዶ ወሰዱኝ። ስንደርስ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

«በል አሁን ስማ።»

ብሰማ ንፋስ ብቻ ነው።

«አየህ አያሌው፣ አንተ ግቢ ውስጥ ቆመህ ለማዶው ሰው ተናገርክለት። መጥተህ ሳትሰማለት ሰምቷል አልክ። ሁለተኛ እንዳታደርገው።»

ከዚያ በኋላ አላደረግሁትም። ብዙ ዓመት አላደረግሁትም።

መብራት እየገባ ሲሄድ ሥራችን ተለወጠ። የናፍጣውን ሞተር ነቅሎ የመብራቱን መትከል ሆነ፤ እኔም ጥሩ ተካይ ወጣኝ። ሰው ይመርቀኛል፤ ጭስ የለም፣ ናፍጣ ፍለጋ የለም፣ ዋጋውም ረከሰ። አልዋሽም፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን አንዱን ወፍጮ ጨርሼ በወጣሁ ቁጥር አንዱ ድምፅ ከኮረብታው ላይ ይጎድላል። የተነቀለው ሞተር እየተቆራረጠ ለብረት ይሸጣል። አንዱን እንኳ ማርቆስ ላይ አስቀምጠን ልጆች እንዲያዩት ብናደርግ እያልኩ ለሁሉም አወራለሁ፤ ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይለኛል፤ እኔም ጥሩ ሐሳብ እንደሆነ ተማምኜ ሌላውን ለመንቀል እሄዳለሁ። ጋሼ ውበቱ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጉዞው ልመለስ። መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አልን። ቀጥሎ ጾሙ ይፈታ። ከዚያ ደግሞ መንገድ ተዘጋ፤ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እያልን ካሌንደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ አደበዘዘው። በዚያው ሰሞን መብራትም ጠፋ። ለአንድ ቀን፣ ለሁለት ቀን መስሎን ነበር፤ ሳምንታት ሲያልፉ የመብራት ወፍጮዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ሰው እህል እያለው ዱቄት አጣ።

ያን ጊዜ ሙሉቀን የሚባል ገበሬ ከአማኑኤል ወዲያ ከወይራ አፋፍ ሰፈር መጣብኝ። አባቱ ከሞቱ በኋላ የናፍጣውን ወፍጮ ሳይሸጠው ጭድ ሥር ቀብሮት ኖሯል። «ትንሽ ናፍጣ አግኝቻለሁ፤ ይነሳልኝ እንደሆነ እዩልኝ» አለኝ። ያን ሞተር አውቀዋለሁ። ጋሼ ውበቱ ናቸው የተከሉት፤ ቆቡን የሠሩለት ጊዜ አፋፍ ላይ ጋቢዬን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። አፋፉ ከወንዙ ማዶ ያለው ነው፣ የዝግባው አፋፍ ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትልልቅ ዝግቦች አሉበት።

ለጋሼ ውበቱ በእጄ ነገርኳቸው። ጡጫቸውን ጨብጠው አዞሩ፤ ይነሳል? መዳፌን ወደ ሰማይ አደረግሁላቸው፤ ይነሳል። ከተቀመጡበት ሲነሱ እንደዚያ ቀን ቀልጠፍ ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን ሙሉቀን በቅሎ አመጣላቸው። ሞተሩ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ቧንቧው በጭድ ተወጥሯል። እኔ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። እሳቸው ድንጋዩን ሲወቅሩ ዋሉ። የድሮው ቆብ ዝጎ እጄ ላይ ፈረሰ። «ተወው፣ አስታውሰዋለሁ» አሉና ከበርሜል ክዳን አዲስ ቆረጡ። በአውራ ጣታቸው ይለካሉ፣ በጥፍራቸው ይመቱታል፣ ጥርሳቸው ላይ አስደግፈው መልሰው ይመቱታል። ስሙ በሉ እንዳልል ጆሮ የላቸውም።

በማግስቱ ጥዋት ሙሉቀን ማኖቬላውን አዞረ። ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ጋሼ ውበቱ የወይራ ዘንጋቸውን ነክሰው ብረቱ ላይ ደገፉ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሳይከፍቱ ብዙ ቆዩ፤ እንባቸው ሲወርድ አየሁ። እኔም ዞር አልኩ። ከጣሪያው በላይ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ ማለት ጀምሯል።

ከዚያ ተነስተው ግቢው በር ላይ ወጥተው ቆሙና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ድምፁን መስማት አይችሉም፤ ሰው ሲመጣ ግን ማየት ይችላሉ። መጀመሪያ ከወንዙ በኩል አህያ የምትነዳ ሴት ብቅ አለች። «ወንዙ ሰማ!» አሉ እየጮኹ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ከኪዳነ ምሕረት በኩል ሁለት ሰዎች። «ኪዳነ ምሕረት ሰማች!» ሰዉ ሲጨምር፣ አህያው ግቢውን ሲሞላ እንደ ልጅ ሆኑ፤ አንዱን አህያ ጆሮውን ይዘው ሳሙት። ሴቶቹ ሳቁባቸው።

ከዝግባው አፋፍ ግን ማንም አልመጣም። መንገዱ ከግቢው በር ፊት ለፊት ይታያል፤ ባዶ ነው። ቆመው ጠበቁ። ዱቄቱን አይተው ተመለሱና እንደገና ቆሙ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። ድሮ ቢሆን ጋቢህን አንሳና ውጣ ይሉኝ ነበር። ጉልበቴን አዩት፤ ዓመት ሙሉ በዘንግ ስሄድ ያውቃሉ። አላሉኝም።

«ምን ይመስልሃል?» አሉ፤ «ድምፁ ማዶ ደርሷል ወይ?»

እኔ የማውቀው ነገር ነበር። በዝግባው አፋፍ ጀርባ መኪና መንገድ ወጥቷል፤ ባጃጅ እህላቸውን እየለቀመ አማኑኤል በቅርቡ ጄኔሬተር የገባለት ወፍጮ ድረስ ይወስድላቸዋል። ያን ወፍጮ የተከልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ በልቤ እንዲህ አሰብኩ። ደርሷል ብላቸው፣ ሰምተው ቀሩ ማለት ነው፤ የጋሼ ውበቱን ድምፅ ሰምቶ የሚቀር ሰው አለ ብዬ ልነግራቸው አልፈለግሁም። አልደረሰም ብላቸው ግን ጥፋቱ የቆርቆሮ ይሆናል። ቆርቆሮ ደግሞ ይሞረዳል። አፋፉ ላይ አልወጣሁም፤ ምን እንደሰሙ አላውቅም። መዳፌን ወደ መሬት አደረግሁ።

ፊታቸው አልጠቆረም፤ እንደውም ቀለል አላቸው። «ወፍሯል ብዬ ነበር!» አሉና ሞተሩን አስቁመው ቆቧን አስወረዱ። ሞረዱ። ሰቀሉ። ሰው ከወንዙም ከኪዳነ ምሕረትም ይመጣል፣ ከዝግባው አይመጣም። ዞር ብለው ያዩኛል፤ መዳፌ ወደ መሬት። አንዴ ከጀመርኩ ምን ብዬ ልመልሰው? በማግስቱም እንደዚያው። ሙሉቀን ቤት ማረፊያ ሰጣቸው፤ እኔ እየተመላለስኩ አያቸዋለሁ። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ቆብ። አሳሱ፣ አጎበጡ፣ ቀዳዳ አበጁላት።

በመካከል መንገዱ ተከፈተ። ሀብታሙ ሚኒባሱን አጥቦ፣ ካሌንደሩን ከግድግዳ አውርዶ መጣ። ወይራ አፋፍ ሄደን ለመንናቸው። እኔ በእጄ፣ ሀብታሙ በፎቶ። ጡጫቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ሂዱ እናንተ፣ እዩት። እኔ ዝግባው ሳይሰማልኝ የትም አልሄድም። ሥራ ሳልጨርስ ትቼ የወጣሁት ወፍጮ የለም፤ ታውቃለህ አይደል አያሌው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሀብታሙ አጠገቤ ቆሟል፣ ሙሉቀን አለ፣ ሴቶቹ አሉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት ሐሰተኛ ልሆን አልወደድኩም። ነገ ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ስሄድ ደግሞ ደስ ብሏቸው ሞረድ ላይ ናቸው። እንደዚህ እያልኩ ክረምቱ ገባ፤ ብርድ መታቸው። ማርቆስ ሆስፒታል አስተኛናቸው። አልጋው ላይ ሳሉ አንዲት ያላለቀች ቆብ ትራሳቸው ሥር ነበረች፤ ነርሷ ብትወስድባቸው ተቆጡ። የመጨረሻ ያየኋቸው ቀን አውራ ጣታቸውን ጫፏ ላይ እያመላለሱ «ትንሽ ይቀራታል» አሉኝ። ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

መብራት ተመለሰ። ሙሉቀን ሞተሩን መልሶ ጭድ አለበሰው።

ከአርባቸው በኋላ ሀብታሙ ደግሞ ካሌንደሩን ይዞ መጣ። «አባዬ፣ እንግዲህ እንሂድ እንጂ፤ እሳቸውም እዩት ብለዋል» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ግን ከደጀን በፊት አንድ ቦታ እንድንሄድ ለመንኩት። እስክሪብቶ አንስቼ ካሌንደሩ ላይ ጨመርኩት። ሚኒባሱ በአዲሱ መንገድ በጀርባ በኩል ዝግባው አፋፍ ድረስ ወጣ፤ ጉልበቴም ብዙ አላስቸገረኝም። ያን ጊዜም በዚያ መንገድ መምጣት እችል ነበር ማለት ነው። ይህንን መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው ያሰብኩት።

አፋፉ ጫፍ ላይ ጥሩዬ የሚባሉ አሮጊት ደጃቸው ላይ ጌሾ ያሰጣሉ። ሰላም አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ያ የታች ወፍጮ ሲነሳ የሠራነው እኛ ነን አልኳቸው።

«ውይ! የውበቱን ወፍጮ?»

«እንዴት አወቁት?»

«እንዴት አላውቅ! ያን ጥዋት ሲነሳ ጊዜ ከቤት ወጣን፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የውበቱ ወፍጮ ተነሳ ተባለ። እኔ እዚህ ቆሜ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እህሉን የሚጭነው በሱ ድምፅ ነበር። ልንወርድ ነበር እኮ፣ እህላችንን ባጃጅ ማልዶ ወስዶት ኖሮ እጃችን ባዶ ሆነ። ነገ እንወርዳለን አልን።»

«ታዲያ ለምን አልወረዱም?»

«ድምፁ ተለወጠብን። በማግስቱ የሰማነው ሌላ ነው። በየቀኑ ሌላ ይሆናል። የውበቱ ወፍጮ ተመልሶ ቆመ፣ ይኼ የሌላ ሰው ነው አልን።»

ተቀመጡ ብለው በርጩማ አወጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሀብታሙ መኪናው ጋ ሆኖ ያየኛል። አፋፉ ጫፍ ላይ ሄጄ ድሮ የምቆምበት ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ከታች የሙሉቀን ግቢ ይታያል፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከጣሪያው ላይ ወጥቷል፣ አፉ ላይ ቆብ የለውም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ እሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው የቆሙበት ቦታ ባዶ ነው።

ጋቢዬን አውልቄ ከፍ አደረግሁት። እጄ እስኪዝል ድረስ ይዤው ቆየሁ።